ጥያቄና መልስ፦ የውሃ ሞገድ በኮምፒውተር ሲሰላ ጣጣው ገጹ ላይ ነው

በዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች የሚበዙት ኢመስመራዊ የውሃ ሞገድን (ቁመቱ ትንሽ ነው ተብሎ የማይቃለል ሞገድን) በፋይናይት ኤለመንት ስለማስላት ስለሆኑ አንድ ላይ አስተናግደናቸዋል። ፋይናይት ኤለመንት ውሃውን በትንንሽ ቁራጮች (ኤለመንቶች) ከፍሎ ማስላት ነው፤ የቁራጮቹ ጥጎች ኖድ፣ መረቡ በሙሉ ሜሽ ይባላል። ጠያቂዎቻችን ሁሉ የሚሠሩት በአንድ ዓይነት ሞዴል ነው። ውሃው ቪስኮሲቲ (ውስጣዊ ሰበቃ) የለውም፣ አይሽከረከርም ተብሎ ይወሰዳል፤ ስለዚህ ፍጥነቱ በሙሉ ከአንድ ፖቴንሻል (ከቦታ ቦታ የሚለወጥበት መጠን ፍጥነቱን ከሚሰጥ ፈንክሽን) ይገኛል፤ ፖቴንሻሉ ደግሞ ውሃው ውስጥ የላፕላስን እኩልታ (ውሃ እንደማይጨመቅ የሚገልጸውን) ያሟላል። በእያንዳንዱ ቅጽበት የውሃው ገጽ ከፍታና በገጹ ላይ ያለው ፖቴንሻል ይታወቃሉ። ላፕላስ ይፈታል፣ ውሃው ገጹ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድበት ፍጥነት ይወጣል፣ በዚያ ፍጥነት ከፍታውና ፖቴንሻሉ ወደሚቀጥለው ቅጽበት ይሻገራሉ። ላፕላስን መፍታት ቀላሉ ክፍል ነው። ከታች እንደሚታየው ጥያቄዎቹ ሁሉ ማለት ይቻላል ዞረው የሚመጡት ገጹ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ ኮዴን በፓይተን ጽፌዋለሁ፤ የተጠቀምኩት ባለሦስት ማዕዘን መስመራዊ ኤለመንት ነው። ገንዳው 20 ሜትር ይረዝማል፣ ጥልቀቱ 0.5 ሜትር ነው፤ ሞገዱ 2 ሜትር ርዝመትና 10 ሴንቲ ሜትር ቁመት አለው። 7 ፔሪየድ (ፔሪየድ የአንድ ሙሉ ውዝዋዜ ጊዜ ነው) ገደማ ሲሞላ ገጹ ላይ የመጋዝ ጥርስ የመሰለ ወጣ ገባ ይታይና ፕሮግራሙ ይቆማል። የጊዜ እርምጃውን በግማሽ ብቀንሰውም ለውጥ የለም። ከገንዳው ጫፍ ተመልሶ የመጣ ሞገድ ይሆን? ወይስ ፊልተር ልጨምርበት?

መልስ፦ ተመልሶ የመጣ ሞገድ አይደለም። በ0.5 ሜትር ጥልቀት 2 ሜትር ርዝመት ያለው ሞገድ ፔሪየዱ 1.18 ሰከንድ ነው። የሞገዶቹ ግንባር የሚጓዘው በቡድን ፍጥነት (የሞገዶቹ ኢነርጂ በሚጓዝበት ፍጥነት)፣ ማለትም በሰከንድ 1.08 ሜትር ገደማ ነው። 7 ፔሪየድ ሲሞላ ግንባሩ 9 ሜትር እንኳ አልደረሰም። የጊዜ እርምጃውን መቀነስዎ ለውጥ ካላመጣም ጥፋቱ ከጊዜ ስሌቱ አይመስልም። የሚቀረው የገጹን ፍጥነት ያወጡበት መንገድ ነው።

በመስመራዊ ባለሦስት ማዕዘን ውስጥ የፖቴንሻሉ ግራዲየንት (ከቦታ ቦታ የሚለወጥበት መጠን፣ ማለትም የውሃው ፍጥነት) አንድ ቋሚ ቁጥር ነው፤ ከአንዱ ኤለመንት ወደ ሌላው ሲሻገሩ ይዘላል። ብዙ ሰው በኖዱ ዙሪያ ያሉትን ኤለመንቶች አማካይ ይወስዳል። ውሃው መሐል ላለ ኖድ ይህ ይበቃል፣ ምክንያቱም ከላይና ከታች ያሉት ስህተቶች ይጣፋሉ። ገጹ ላይ ያለ ኖድ ግን ኤለመንት ያለው ከበታቹ ብቻ ነው፤ የሚጣፋለት የለም። በዚያ ላይ ኢመስመራዊ ቃላቱ (መጠኖች እርስ በርስ የሚባዙባቸው የእኩልታው ክፍሎች) ይህንኑ የተሳሳተ ፍጥነት ከገጹ ተዳፋት ጋር እያባዙ ስህተቱን ወደ አጭሩ ሞገድ፣ ሜሹ ሊሸከመው ወደሚችለው የመጨረሻው አጭር ሞገድ፣ ይገፉታል። እርስዎ ያዩት የመጋዝ ጥርስ እሱ ነው።

የሚሻለው መንገድ ግራዲየንቱን ጨርሶ አለማስላት ነው። የላፕላስን ማትሪክስ ሲገጣጥሙ፣ የገጹን ፖቴንሻል ለማስገባት ሲሉ የገጹን ኖዶች ረድፎች ያጠፏቸው ይሆናል። አያጥፏቸው፤ ቅጂያቸውን ያስቀምጡ። ላፕላስ ከተፈታ በኋላ እነዚያን ረድፎች በተገኘው ፖቴንሻል ያባዟቸው። የሚወጣው ቁጥር በየኖዱ በገጹ በኩል የሚያልፈው የውሃ ፍሰት ነው፤ የገጹ ከፍታ የሚለወጥበት ፍጥነት በኖዱ ቅርጽ ፈንክሽን (ኖዱ ላይ 1፣ ሌሎቹ ኖዶች ላይ 0 በሆነ ፈንክሽን) ተመዝኖ የተገኘ ማለት ነው። ቀጥሎ የገጹን አንድ ዲሜንሽናል የማስ ማትሪክስ (የቅርጽ ፈንክሽኖቹ ብዜት በገጹ ርዝመት ላይ ተደምሮ የሚሰጠውን) ይፍቱ፤ በየረድፉ ሦስት ቁጥር ብቻ ስላለው ጊዜ አይፈጅም። መልሱ ከፍታው በሰከንድ ምን ያህል እንደሚለወጥ በቀጥታ ይሰጥዎታል። ቀጥ ያለው የውሃ ፍጥነት ካስፈለገዎት (ለፖቴንሻሉ እኩልታ ያስፈልግዎታል) ከፍታው በሚለወጥበት ፍጥነት ላይ የገጹ ፖቴንሻል ዴሪቬቲቭ በገጹ ተዳፋት ተባዝቶ ይደመርና ድምሩ ለ«1 ሲደመር የተዳፋቱ ካሬ» ይካፈላል።

ይህ ዘዴ ከትክክለኛነቱ ሌላ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። የማትሪክሱ ዓምዶች ድምራቸው ዜሮ ስለሆነ የውሃው ጠቅላላ መጠን እስከ ማጠጋጋት ስህተት ድረስ ይጠበቃል። አማካይ ግራዲየንት የሚጠቀም ኮድ ግን ውሃ ቀስ በቀስ ያፈስሳል ወይም ይፈጥራል።

ሜሽዎንም ይዩት። የባለሦስት ማዕዘኖቹ ሰያፍ መስመሮች በሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ካጋደሉ፣ ወደ ቀኝ የሚሄድ ሞገድና ወደ ግራ የሚሄድ ሞገድ እኩል አይስተናገዱም። እያፈራረቁ ያዙሯቸው ወይም ባለአራት ማዕዘን ኤለመንት ይጠቀሙ።

ፊልተሩን በተመለከተ፣ ህመም ማስታገሻ እንጂ መድኃኒት እንዳልሆነ ይወቁት። የተለመደው ሎንጌ-ሂጊንስና ኮክሌት በ1976 ያስተዋወቁት ባለ አምስት ነጥብ ማለስለሻ ነው፦ የኖዱ ዋጋ በ10፣ ሁለቱ የቅርብ ጎረቤቶች በ4፣ ሁለቱ የሩቅ ጎረቤቶች በአሉታዊ 1 ይባዙና ድምሩ ለ16 ይካፈላል። የመጋዝ ጥርሱን በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ያጠፋዋል። ዋናውንም ሞገድ ግን ይነካዋል። በአንድ የሞገድ ርዝመት 20 ኖድ ካለ፣ አንድ ጊዜ በተጠቀሙበት ቁጥር የሞገዱ ቁመት በ0.06 በመቶ ይቀንሳል። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ፔሪየዱን በ100 እርምጃ ከፍለው በየእርምጃው ከተጠቀሙበት በአንድ ፔሪየድ 6 በመቶ ያጣሉ። በየ10 እርምጃው ከሆነ ኪሳራው ወደ 0.6 በመቶ ይወርዳል። ኖዶቹን 40 ካደረጓቸው በየእርምጃው እንኳ ቢጠቀሙበት 0.4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ኪሳራው ከኖዶቹ ርቀት አራተኛ ኃይል ጋር ስለሚሄድ ነው። መጀመሪያ ፍሰቱን ያስተካክሉ፤ ጥርሱ ከዚያ በኋላም ቁልቁለታማ ሞገድ ላይ ካስቸገረ ፊልተሩን አልፎ አልፎ ይጠቀሙበት።

ጥያቄ፦ በተዘጋ ገንዳ ውስጥ ቋሚ ሞገድ አስነሥቼ ብተወው ቁመቱ በየፔሪየዱ አንድ አምስተኛ ያህል እያደገ ይሄዳል። ኃይል የሚሰጠው ምንም ነገር የለም። ጊዜውን የማሻግረው በቀላሉ የኦይለር ዘዴ (አሁን ያለውን የለውጥ ፍጥነት ብቻ ይዞ ወደሚቀጥለው ቅጽበት በሚሻገረው) ነው፣ ፔሪየዱን በ100 እርምጃ ከፍዬ።

መልስ፦ ወደፊት የሚሄደው ኦይለር ለሚወዛወዝ ነገር ሁሉ፣ እርምጃው ምንም ያህል ቢያንስ፣ ያልተረጋጋ ነው። በ100 እርምጃ በአንድ ፔሪየድ የ22 በመቶ እድገት ይሰጣል፤ ያዩት ይህንኑ ነው። በ200 እርምጃ ወደ 10 በመቶ ይወርዳል እንጂ አይጠፋም። አራተኛ ደረጃ ሩንጌ-ኩታ (በየእርምጃው የለውጥ ፍጥነቱን አራት ጊዜ የሚያሰላውን ዘዴ) ይጠቀሙ፤ በዚያው በ100 እርምጃ ስህተቱ አይታይም። ላፕላስን በየእርምጃው አራት ጊዜ መፍታት ይጠይቅዎታል፤ ያዋጣል።

ወደ ሩንጌ-ኩታ ከተሻገሩ በኋላም ኢነርጂው የማይጠበቅ ከሆነ፣ እርምጃውን መቀነስም ካልረዳ፣ አንድ የተረሳ ቃል ይፈልጉ። የገጹ ኖድ ከገጹ ጋር ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀሳል፤ ስለዚህ ኖዱ ላይ ያለው ፖቴንሻል የሚለወጠው በጊዜ ብቻ ሳይሆን ኖዱ ቦታ ስለቀየረም ጭምር ነው። ከበርኑሊ እኩልታ (ግፊትን፣ ፍጥነትንና ከፍታን ከሚያያይዘው) በሚገኘው ላይ ቀጥ ያለው የውሃ ፍጥነት በገጹ የከፍታ ለውጥ ፍጥነት ተባዝቶ መደመር አለበት። ይህ ቃል የሁለት ትንንሽ ነገሮች ብዜት ስለሆነ በዝቅተኛ ሞገድ ሲፈተሽ አይታወቅም። ኮዳቸውን በ1 ሚሊ ሜትር ሞገድ ብቻ ፈትሸው «ትክክል ነው» የሚሉ ሰዎች የሚጠመዱት እዚህ ነው።

ኢነርጂውን ለመከታተል የተለየ ኢንቲግራል መጻፍ አያስፈልግም። የፖቴንሻሉ ቬክተር፣ የላፕላስ ማትሪክሱና ያው ቬክተር ተባዝተው በግማሽና በውሃው ዴንሲቲ ሲባዙ የእንቅስቃሴ ኢነርጂው ነው፤ የከፍታው ካሬ በገጹ ርዝመት ላይ ተደምሮ በግማሽ፣ በዴንሲቲና በስበት ሲባዛ የአቀማመጥ ኢነርጂው ነው። ሁለቱን በየፔሪየዱ ደምረው በወረቀት ላይ ይሳሉት። ለሁለተኛ ማረጋገጫ አንድ ነጠላ ሞገድ (ሶሊታሪ ሞገድ) በጠፍጣፋ ወለል ላይ ይልቀቁ፤ ቁመቱ ከጥልቀቱ አንድ አሥረኛ ከሆነ ቀጥ ያለ ግድግዳ ሲመታ የጥልቀቱን 0.205 ያህል መውጣት አለበት። ልክ 0.2 ከሰጠዎት ኢመስመራዊ ቃላቱ እየሠሩ አይደለም።

ጥያቄ፦ በውሃ ውስጥ የተቀበረ ጉብታን የሚያልፍ ሞገድ እያሰላሁ፣ ቤጂ እና ባትየስ በ1993 ካሳተሙት የላቦራቶሪ ልኬት ጋር እያመሳከርኩ ነው። ጉብታው ፊትና አናቱ ላይ ውጤቴ ከልኬቱ ጋር ይገጥማል፤ ከጉብታው ጀርባ ግን ፈጽሞ አይመሳሰልም። በሞገድ ርዝመት 20 ኖድ አድርጌያለሁ።

መልስ፦ ሃያ ኖድ ያደረጉት ለየትኛው ሞገድ ነው? ያ ሙከራ ዝነኛ የሆነው እዚህ ጋ ስለሚያጠምድ ነው። ጥልቀቱ 0.4 ሜትር ነው፤ ጉብታው 0.3 ሜትር ከፍ ስለሚል አናቱ ላይ 0.1 ሜትር ውሃ ብቻ ይቀራል። የፊቱ ተዳፋት 1 ለ20፣ የጀርባው 1 ለ10 ነው። ሞገዱ ወደ ጉብታው ሲወጣ ይሾላል፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ሃርሞኒኮች (የዋናው ሞገድ ፍሪኩዌንሲ እጥፍና ሦስት እጥፍ ያላቸው ሞገዶች) ከዋናው ጋር ታስረው ያድጋሉ። ጀርባ ላይ ጥልቀቱ ሲጨምር እስሩ ይፈታና እያንዳንዱ ሃርሞኒክ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል።

በ2.02 ሰከንድ ፔሪየድ ዋናው ሞገድ 3.7 ሜትር ገደማ ይረዝማል። በ20 ኖድ ሲካፈል የኖዶቹ ርቀት 19 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከጉብታው ጀርባ ነጻ የሚወጣው ሦስተኛ ሃርሞኒክ ግን ፔሪየዱ 0.67 ሰከንድ፣ ርዝመቱ 0.7 ሜትር ብቻ ነው። ሜሽዎ ለእሱ አራት ኖድ እንኳ አልሰጠውም። ለሦስተኛው ሃርሞኒክ 20 ኖድ ለመስጠት ርቀቱ 3.5 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት፤ አራተኛውንም ከፈለጉ ከዚያ በታች፣ ወይም ኳድራቲክ ኤለመንት (በውስጡ ፖቴንሻሉ በቀጥታ መስመር ሳይሆን በካሬ የሚለወጥበት)። ይህን ያህል ማጥበቅ የሚያስፈልገው ከጉብታው ተዳፋት ጀምሮ እስከ መጨረሻው መለኪያ ድረስ ነው፤ ከጉብታው በፊት ሰፋ ያለው ይበቃል። ሲያጠቡ ግን ቀስ በቀስ እንጂ በአንዴ አይሁን፤ ድንገተኛ የርቀት ለውጥ ራሱ ሞገድ ይመልሳል።

ከገጹ ወደ ታች ያሉት የኤለመንት ንብርብሮችም ይታሰብባቸው። የአጭር ሞገድ እንቅስቃሴ ከገጹ ግማሽ የሞገድ ርዝመት ወርዶ 4 በመቶ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ንብርብሮቹን እኩል አያድርጓቸው። ለምሳሌ ለ0.5 ሜትር ጥልቀት 12 ንብርብር ወስደው እያንዳንዱን ከበላዩ ካለው በ1.15 ጊዜ ቢያወፍሩት፣ የላይኛው 1.7 ሴንቲ ሜትር፣ የታችኛው 8 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።

ጥያቄ፦ በፒስተን ዓይነት ሰሌዳ (ወደፊትና ወደኋላ እየተመላለሰ ሞገድ በሚፈጥር ቀጥ ያለ ግድግዳ) 10 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ወጥ ሞገድ ለመፍጠር እሞክራለሁ (ጥልቀት 0.5 ሜትር፣ የሞገድ ርዝመት 2 ሜትር)። ሰሌዳው ምን ያህል ይመላለስ? ደግሞም የሞገዱ ቅርጽ ገንዳው ላይ ከቦታ ቦታ ለምን ይለያያል?

መልስ፦ በመስመራዊው ቀመር ለዚህ ጥልቀትና ርዝመት የሞገዱ ቁመት የሰሌዳው ጉዞ 1.44 ጊዜ ነው። ስለዚህ ሰሌዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ 6.9 ሴንቲ ሜትር ይመላለስ። ከዕረፍት ሲነሣ ከ2 እስከ 3 ፔሪየድ ባለ ጊዜ ውስጥ ቀስ እያለ ሙሉ ጉዞው ላይ ይድረስ፤ በድንገት ከተነሣ ሰሌዳና ገጽ የሚገናኙበት ጥግ ላይ ውሃው ይተኮሳል።

የቅርጹ መለያየት የተለመደ ነገር ነው። እውነተኛው ሞገድ ሳይን አይደለም፤ ሁለተኛ ሃርሞኒክ አብሮት ታስሮ ይሄዳል። ሰሌዳው ግን በንጹህ ሳይን ሲንቀሳቀስ ያንን ሃርሞኒክ የሚያሟላ እንቅስቃሴ ስለማይሰጥ፣ ልዩነቱን ለመሙላት ሌላ ነጻ ሞገድ በዚያው እጥፍ ፍሪኩዌንሲ ይፈጠራል። የታሰረው 1 ሜትር ይረዝማል፣ ነጻው 0.55 ሜትር ገደማ። ሁለቱ አንዴ ሲደጋገፉ አንዴ ሲጣፉ፣ የሁለተኛው ሃርሞኒክ መጠን በየ1.2 ሜትሩ ከፍ ዝቅ ይላል። መለኪያዎችዎን በ20 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ይደርድሩና ያረጋግጡ፤ ይህ 1.2 ሜትር ከወጣ ጥፋቱ የኮድዎ ሳይሆን የሰሌዳው ነው፤ እውነተኛ ገንዳ ውስጥም ይደርሳል። መፍትሔው ለሰሌዳው ሁለተኛ ደረጃ እርማት መጨመር ነው፤ ቀመሩን ሼፈር በ1996 በተሟላ መልኩ አቅርቦታል።

ሰሌዳውን በተመለከተ ሁለት ነገር እንጨምር። የሰሌዳው የወሰን ሁኔታ ሰሌዳው ባለበት ቦታ እንጂ ባረፈበት ቦታ አይግባ፤ ሜሹ ከሰሌዳው ጋር ወደ ጎን ይሳብ፣ የኖዶቹ የጎን ፍጥነትም በከፍታውና በፖቴንሻሉ እኩልታዎች ውስጥ ይግባ። ሁለተኛ፣ ለመጀመሪያው ጠያቂ የነገርነውን የፍሰት ዘዴ ከተጠቀሙ፣ የጥጉ ኖድ ረድፍ የገጹን ፍሰት ብቻ ሳይሆን ከሰሌዳው የሚገባውንም ይዟል። የሰሌዳውን ድርሻ ካልቀነሱለት ጥጉ ላይ ያለው ኖድ በየምቱ ይዘላል።

ጥያቄ፦ የገንዳው መጨረሻ ላይ ያለው የማድከሚያ ቀጠና (ሞገዱ ተመልሶ እንዳይመጣ ቀስ በቀስ የሚጠፋበት ክፍል) ምን ያህል ይርዘም?

መልስ፦ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት የሞገድ ርዝመት። የማድከሚያው መጠን ከዜሮ ተነሥቶ በካሬ እያደገ ጫፉ ላይ ከሞገዱ አንግላዊ ፍሪኩዌንሲ (2π ለፔሪየዱ ሲካፈል) ጋር ይቀራረብ። ብዙ ሰው «ይበርታ» ብሎ ያበዛዋል፤ ያኔ ቀጠናው ራሱ እንደ ግድግዳ ሞገዱን ይመልሳል። ከፍታውን ወደ ዜሮ የሚጎትት ቃል የውሃውን መጠን ሊያዛባ ስለሚችል ማድከሚያውን በፖቴንሻሉ እኩልታ ውስጥ ብቻ ማስገባት እንመርጣለን። ከቀጠናው በጣም የሚረዝሙ ሞገዶች ግን ሳይደክሙ ያልፋሉ፤ እነሱን ለመቀበል የመጨረሻውን ግድግዳ ጥልቀቱ ከሞገዱ ርዝመት በጣም ባነሰ ውሃ ባለው የሞገድ ፍጥነት እንዲያሳልፍ ማድረግ ነው።

ጥያቄ፦ ባለሦስት ዲሜንሽን ስሌቴ ቀናት ይፈጃል። ማትሪክሱን በየእርምጃው አራት ጊዜ እንደ አዲስ እየገጣጠምኩ በቀጥታ ዘዴ እፈታዋለሁ። የመፍቻውን ትክክለኛነት ብቀንስ ይፈጥንልኝ ይሆን?

መልስ፦ ይፈጥናል፤ ግን ውሃ ያፈስስብዎታል። የውሃው መጠን የሚጠበቀው የውስጥ ኖዶች እኩልታዎች እስከ ዜሮ ሲሟሉ ነው፤ የቀረው ስህተት ድምር በየእርምጃው የሚጠፋ ወይም የሚፈጠር ውሃ ነው። የመፍቻውን ስህተት ከመቶ ሚሊዮን አንድ አካባቢ ያቆዩት፤ ከአሥር ሺህ አንድ ላይ ካቆሙት ረጅም ስሌት ላይ ይታወቃል።

ጊዜ የሚቆጠበው ሌላ ቦታ ነው። ኖዶቹ ወደ ላይና ወደ ታች ቢንቀሳቀሱም ማን ከማን ጋር እንደተያያዘ አይለወጥም፤ ስለዚህ የማትሪክሱ ዜሮ ያልሆኑ ቦታዎች አንዴ ይሰላሉ፣ ቁጥሮቹ ብቻ ይታደሳሉ። ማትሪክሱ ሲሜትሪክና ፖዚቲቭ ስለሆነ ኮንጁጌት ግራዲየንትን (መልሱን ደረጃ በደረጃ እያሻሻለ የሚፈታ ዘዴ) ከአልጄብራዊ መልቲግሪድ (ችግሩን በሰፋፊ ደረጃዎች እያቃለለ ከሚያፈጥነው ረዳት) ጋር ይጠቀሙ፤ የመልቲግሪዱን ዝግጅት በየጊዜው ሳያድሱ ለብዙ እርምጃዎች መጠቀም ይቻላል። የመነሻ ግምቱ ካለፉት ሁለትና ሦስት እርምጃዎች ተቀጥሎ ይገመት። በሁለት ዲሜንሽን ጥቂት ሺህ ኖድ ብቻ ላለው ሰው ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ቀጥታው ዘዴ ይሻለዋል።

ጥያቄ፦ ሞገዱ ሲሰበር ኮዴ ይቆማል። ሜሹን ባጠብቅ ጭራሽ ቀድሞ ይቆማል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ቀድሞ መቆሙ ኮዱ ጤነኛ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው፤ ሰፊው ሜሽ የሞገዱን አናት እየቆረጠ ስብራቱን ይሸፍንልዎ ነበር። ከፍታውን በአንድ ቦታ አንድ ቁጥር አድርጎ የሚይዝ ሞዴል የሚጠቀለል ሞገድን ሊወክል አይችልም። መጀመሪያ ሞገድዎ ሊኖር የሚችል መሆኑን ያጣሩ። የወጥ ሞገድ ቁመት ለርዝመት ምጣኔ በጥልቅ ውሃ ከ0.142 አይበልጥም፤ በውስን ጥልቀት ይህ ቁጥር በሞገድ ቁጥር (2π ለሞገዱ ርዝመት ሲካፈል) እና በጥልቀት ብዜት ሃይፐርቦሊክ ታንጀንት ይባዛል። ለ2 ሜትር ሞገድ በ0.5 ሜትር ጥልቀት 26 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጣሪያው ነው። ከዚያ በላይ ካዘዙ መቆሙ አያስገርምም።

ስብራቱ የማይቀር ከሆነ፣ በየሞገዱ አናት የውሃውን የአግድም ፍጥነት ከአናቱ የጉዞ ፍጥነት ጋር ያነጻጽሩ። ምጣኔው 0.85 ሲያልፍ ሞገዱ መሰበሩ አይቀርም፤ የሚታየው ስብራት የሚመጣው ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ስለሆነ እርምጃ ለመውሰድ ጊዜ ይሰጥዎታል። በዚያ አናት ፊት ለፊት ብቻ፣ በሁለቱም የገጽ እኩልታዎች፣ እንደ ቪስኮሲቲ የሚሠራ ማድከሚያ ያስገቡ፤ ጫፎቹ ቀስ ብለው ወደ ዜሮ ይውረዱ፣ ሞገዱ ሲረጋጋ ይነሣ። ይህ ከስብራት በኋላ ምን ያህል ኢነርጂ እንደቀረ ለማወቅ ይበቃል። የሚፈልጉት ሞገዱ ግንብ ላይ ሲፈርስ የሚያደርሰውን ግፊት ወይም የሚታሰረውን አየር ከሆነ ግን ፖቴንሻሉን ይተዉትና ውሃንና አየርን አብሮ ወደሚያሰላ የናቪየር-ስቶክስ ሞዴል (ቪስኮሲቲንና መሽከርከርን ጭምር ወደሚይዝ) ይሻገሩ። ወጪውን ለመቀነስ ገንዳውን በሙሉ በእሱ አያስሉ፤ ስብራቱ እስከሚጀምርበት ቦታ በፖቴንሻል ያስሉና የተገኘውን ከፍታና ፍጥነት ለአጭሩ ክፍል እንደ መግቢያ ይስጡት።